ማወቅ የነበረባት

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

የተለየ ነገር የለም። አጋሮ በዚህ ወር ጉሙ እስከ ረፋድ አይነሳም። ቢሮ ስደርስ ያልተፈለፈለ ጀንፈል ቡና የጫኑ አይሱዙዎች በሩን ዘግተውታል። ሚዛን፣ ደረሰኝ፣ ጩኸት። ሾፌሮቹ እርስ በርስ በኦሮምኛ ይጨቃጨቃሉ፤ እኔ ጋ ሲመጡ በአማርኛ ልመና። "ማሎ ልያ፣ እኔን አስቀድሚኝ!" ማንንም አላስቀደምኩም። እንደ ተራቸው።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሼ ኢዮስያስ ደወሉ። የምሠራበት የቡና ድርጅት ባለቤት ናቸው፤ ቤተክርስቲያናችን ውስጥም ሽማግሌ። "ማክሰኞ ጅማ እንሄዳለን። መታወቂያሽን እንዳትረሺ።" ለምን? አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ የንግድ ሕግ ትምህርት አለ። ገና አላነበብኩም።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

በመጀመሪያው ሚኒባስ ጅማ ገባሁ። የቅዳሜ ተማሪ መሆን… ሌላው ሰው ሲያርፍ እኛ ደብተር ይዘን እንሮጣለን።

የንግድ ሕግና ሥነ ምግባር አዲስ መምህርት ተመድባለታለች። ፍሬሰላም ትባላለች። ድሮ ዐቃቤ ሕግ ነበረች አሉ። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፤ ግን ማንም አያወራባትም።

"ድርጅት በሕግ ፊት ሰው ነው" አለች። "ስም አለው፣ አድራሻ አለው፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል።"

ከኋላ አንዱ "ያገባል እንዴ ቲቸር?" አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሷም ሳቀች።

"አያገባም። ራሱንም አያመውም፣ አይታሰርም። እጅና አፍ የለውም። ስለዚህ ከሰው ይዋሳል።"

"ከማን?"

"ከሚፈርምለት።"

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ለፈተና ይመጣል ብዬ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ!!

እኔ! ገና ሳልመረቅ። ጅማ ውልና ማስረጃ ወስደው አስፈረሙኝ። ጋሼ ኢዮስያስ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና "ልያዬ፣ ታማኝ ልጅ ነሽ፣ ስለ አንቺ ጸልዬበታለሁ" አሉ።

በፊት የነበረው ያቤፅ ነው። ደግ ልጅ ነበር፣ ዝምተኛ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ድንገት ቀረ። "ምን ሆኖ ነው የለቀቀው?" አልኳቸው መኪና ውስጥ። "ልቡ ሌላ ቦታ ነበር" አሉ። ከዚያ መዝሙር ከፈቱ።

እማዬ አልቅሳ ጌታን አመሰገነች። ከዱራሜ አባባን ተከትላ መጥታ የሰው ቡና እየለቀመች ነው ያሳደገችኝ። አሁን ልጇ የቡና ለቃሚዎቹ አለቃ። ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨረሰች።

ሥራው ግን ያው ነው። ሚዛን፣ ደረሰኝ። የሚወስኑት እሳቸው፣ የምፈርመው እኔ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሥራ አስኪያጅ ግዴታዎች። ሁሉም ተማሪ ዞሮ እኔን አየ። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ።

"ሥራ አስኪያጅ 'ባለቤቱ አዞኝ ነው' ብሎ ከኃላፊነት ማምለጥ ይችላል?" ብላ ጠየቀች ቲቸር። ግማሹ ይችላል አለ፣ ግማሹ አይችልም። እኔ ደብተሬን አገላበጥኩ።

"ሕጉ የሚመጣው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው" አለች። "ሥነ ምግባር ግን ከዚያ በፊት ነው የሚያስፈልገው። ማንም ሳይጠይቃችሁ።"

ስትናገር እኔን ነው ያየችው ወይስ መሰለኝ?

ጥር 7፣ ረቡዕ

ገና አለፈ። ጥምቀት እየመጣ ነው። መጋዘኑ ሞልቷል። ለቃሚዎቹ ሴቶች ከፊት ለፊት ተቀምጠው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ፤ ከኋላ እስከ ጣሪያው ኬሻ። የዓምናው ቡና ነው፤ ጋሼ ዋጋ ይጨምራል ብለው ያቆዩት። ነቅዟል።

ዛሬ ከሰዓት ስገባ አንድ ሽታ… ነጭ ሽንኩርት ይመስላል፣ ግን የበሰበሰ። ወይ የዓሣ። ጉሮሮዬ ላይ ተቀመጠ። ከኋላ ያለው ቡና በሸራ ተሸፍኗል።

"ምንድነው እሱ?" አልኩት ዘበኛውን።

"የነቀዝ መድኃኒት ነው። ክኒኑን ሰኞ አስገቡት።"

"ሴቶቹ እያሉ?"

ትከሻውን ሰበቀ።

ከለቃሚዎቹ ትንሿ ሩፈይዳ ናት። ዘንድሮ ነው ያገባችው፤ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ። ሳቂታ ናት። ዛሬ ግን ግንባሯን ይዛ ነው የምትለቅመው። "ዋላሂ ልያ፣ ራሴ ሊፈነዳ ነው።" እትዬ ብርሃንነሽ ከጎኗ ናቸው። ከሁሉም የቆዩት፣ የሴቶቹ ሁሉ እናት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አስረው "ይሄ ሽታ ደግ አይደለም ልጄ" አሉኝ።

መስኮት አስከፈትኩ። ጋሼ ሲመጡ አዘጉት። ቡናው ሽታ ይወስዳል ብለው።

ጥር 8፣ ሐሙስ

ባዶውን ቆርቆሮ አየሁት። የራስ ቅል ተስሎበታል። ከታች፣ ጋዙ ሳይወጣ ሰው እንዳይገባ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሼ አስቀመጥኩት። ለምን መልሼ አስቀመጥኩት?

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ክፍል ውስጥ እጄን አወጣሁ።

"ቲቸር፣ ለምሳሌ… አንድ ድርጅት ውስጥ ለሠራተኛ አደገኛ ነገር አለ እንበል። ሥራ አስኪያጇ ግን እርግጠኛ አይደለችም። ማንም በግልጽ አልነገራትም። ትጠየቃለች?"

ቲቸር ቾኩን አስቀመጠች።

"ሕጉ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ታውቅ ነበር ወይ? የማታውቅ ከሆነ ደግሞ፣ ማወቅ ነበረባት ወይ? በእሷ ቦታ ያለ ጤነኛ ሰው ይጠይቅ ነበር? ይጠይቅ ከነበረ፣ አለመጠየቋ አያድናትም።"

"ብታባረርስ? ብትናገር?"

"ትባረር ይሆናል" አለች። ሳታጋንን። "ሕጉ ሥራዋን ያድንላታል ብዬ አልዋሽሽም።"

ስንወጣ በሩ ላይ አስቆመችኝ። "ልያ፣ ጥያቄው የማን ነው?"

"የጓደኛዬ።"

አየችኝ። ከዚያ ደብተሬ ላይ ቁጥር ጻፈች። "ለጓደኛሽ ስልኬን ስጫት" አለች።

ጥር 21፣ ረቡዕ

ተናገርኩ። በመጨረሻ።

ጋሼ ኢዮስያስ ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ስለ ክኒኑ፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ሴቶቹ ራስ ምታት። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር መሰለኝ።

"ልያዬ፣ አንቺ የምታስቢ ልጅ ነሽ። ለዚህ እኮ ነው የመረጥኩሽ።" አሉ። "መድኃኒቱን ሁሉም መጋዘን ይጠቀማል። ከአሁን በኋላ ግን እሑድ እሑድ ብቻ፣ ሰው በሌለበት። በቃ?"

"በቃ" አልኩ።

ከዚያ እንጸልይ አሉ። እጄን ያዙ። ስለ ድርጅቱ፣ ስለ ሴቶቹ፣ ስለ እኔ ጸለዩ። አሜን አልኩ። ስወጣ ቀለል አለኝ። ጥሩ ሰው ናቸው። ናቸው አይደል?

ግን እሑድ የተጨመረ ክኒን ጋዙ ሰኞ የት ይሄዳል? ይህን ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው ያሰብኩት።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ከትምህርት በኋላ ሰርቦ ወረድኩ። ያቤፅ እዚያ መንገድ ዳር ስልክ ይጠግናል አሉኝ። አገኘሁት። ከስቷል። ሲያየኝ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ ስለው ግን ፈገግታው ጠፋ።

"ፈረምሽ?"

"ፈረምኩ።"

እጁ ላይ የነበረውን ስልክ አስቀመጠ።

"የድሮውን ዘበኛ ታስታውሺዋለሽ? ሽማግሌውን?"

አስታወስኩት። ዓምና ክረምት መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ሳይነሳ የቀረው። ልቡ ነው ተብሎ ነበር። ተቀበረ፣ አለቀ።

"ዝናብ ነበር። በረንዳው ስለሚያፈስ ውስጥ ገብቶ ተኛ። ከሸራው ጎን" አለ ያቤፅ።

"ክኒኑ ነው ማለት ነው?"

"እኔ አልጠየቅኩም ልያ። ብጠይቅ ማወቄ ነው። ካወቅኩ ደግሞ…" አልጨረሰውም። "ለቀቅኩ። አንቺም ልቀቂ። ነገ ዛሬ አትበይ።"

"ከለቀቅኩ ሴቶቹስ?"

አላየኝም። "አንቺ ብትለቂ ሌላ ሰው ይመጣል" አለ። "እኔ ስለቅ አንቺ መጣሽ አይደል?"

መንገዱን ሙሉ መስኮቱን ተደግፌ መጣሁ። አላለቀስኩም። የሚያስለቅስ ነገር ገና አልደረሰም… ገና ያልኩት ምን ታስቦኝ ነው?

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ሽታው ተመልሷል። ሁለት ሳምንት ጠፍቶ ነበር፤ እውነትም እሑድ ብቻ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ኤክስፖርት የሚሄድ ጭነት ተጣድፏል አሉ። ሸራው እንደገና ተዘረጋ፣ ሴቶቹ ከፊቱ ተቀምጠዋል።

ሁለት ሴቶችን ዛሬ አስመለሳቸው። ጋሼ "ጾም ነው" አሉ። "ሁዳዴ ገብቷል፣ ባዶ ሆድ ነው።"

እትዬ ብርሃንነሽ በሩ ጋ ጠበቁኝ።

"አንቺ አይደለሽ ሥራ አስኪያጇ?"

"ነኝ እትዬ።"

"ታዲያ ዝጊዋ! አንድ ሦስት ቀን ዝጊና ይናፈስ።"

"እነግራቸዋለሁ።"

"ለማን ነው የምትነግሪው? አንቺ ነሽ አለቃ አላሉንም?"

አልተሳደቡም። ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር እኮ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ ቁልፉን ይዤ ነው "እነግራቸዋለሁ" ያልኳቸው።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ረመዳን ገብቷል። ሩፈይዳ ከስታለች። ጾሙ ነው ትላለች። ሁሉም ጾሙ ነው ይላል።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ጋሼ ረቡዕ መኪናው ይመጣል፣ ለቀማው ነገ ማለቅ አለበት አሉ። ትናንት ክኒን ጨምረዋል፤ ዘበኛው ነገረኝ፣ ከቀድሞው የበለጠ ነው አለኝ። ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ዓይኔ አነባ። መጋዘኑ ጥግ ላይ ድመቷ ተኝታለች። ነካኋት። ደርቃለች።

ዘበኛው ጭራዋን ይዞ አውጥቶ ጣላት። ሴቶቹ ሳያዩ።

ለጋሼ ደወልኩላቸው። "ሴቶቹን ዛሬ ላሰናብት?" "ልያ፣ ዕቃው ወደብ የሚደርስበት ቀን አለው። ነገ ብቻ ነው። ከነገ በኋላ ሳምንት ሙሉ እንዘጋለን። ቃሌ ነው።"

ነገ ብቻ።

የቲቸርን ቁጥር አወጣሁ። ልደውል ብዬ… ምን እላታለሁ? ነገ ጠዋት በሩን አልከፍትም። እዚህ ጻፍኩት፤ አልከፍትም።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ከፈትኩት።

እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። ትናንት ጠዋት ሴቶቹ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ጋሼም ከመኪናቸው ወርደው ቆመዋል። "ቁልፍ" አሉ ብቻ። እጄ ሄደ።

ወደ ቀትር ላይ ሩፈይዳ ወደቀች። ድምፅ አላሰማችም፤ ተቀምጣ ከነበረችበት ወደ ጎን ዘንበል አለች። ከንፈሯ ሰማያዊ። ሴቶቹ ጮኹ። እትዬ ብርሃንነሽ ናቸው ዘለው ተነስተው ብብቷን ይዘው የጎተቷት፤ ከሸራው ሥር እስከ በሩ፣ ብቻቸውን። ውጭ አየር ላይ አስቀመጧት፣ ውሃ ረጯት። "እትዬ፣ እርስዎስ?" አልኳቸው። "ደህና ነኝ፣ ራሴን ትንሽ። አንቺ ልጅቱን አድርሺ!"

በባሏ ባጃጅ እስከ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በአምቡላንስ ጅማ ሆስፒታል። መንገድ ላይ ጋሼ ደወሉ።

"ምግብ ነው በያቸው። የተበላሸ ምግብ በልታ ነው በያቸው።"

"ጾመኛ ናት እኮ!"

"ሌላ ነገር በያቸዋ" አሉና ዘጉ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። "ምን በላች? ምን ሸተተች? ምን ነካች?" ባሏ ምንም አያውቅም፤ ከሱሁር ወዲህ ምንም አልቀመሰችም እያለ ይምላል። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ።

ዝም አልኩ። ለምን ያህል ጊዜ? አላውቅም። ሐኪሙ መልሶ እስኪጠይቀኝ ድረስ።

"የነቀዝ መድኃኒት" አልኩ። "ክኒን። መጋዘን ውስጥ። በር ዘግተን።"

የሐኪሙ ፊት ተለወጠ። ነርሷን ጠራ፣ ሮጡ። ከዚያ ተመልሶ "አብረዋት የነበሩት የት ናቸው? ደህና ነኝ የሚለውንም ጭምር። ሁሉም ይምጡ፣ አሁኑኑ!"

ለዘበኛው ደወልኩ። ሴቶቹን ከየቤታቸው ሰበሰቧቸው። የእትዬ ብርሃንነሽ ስልክ አይነሳም። ደወልኩ፣ ደወልኩ። ያረክስልኛል ብለው ጾሙን ሽረው ወተት ጠጥተው ጋደም ብለው ነበር። ጎረቤት ሲደርስ…

በዚያው ሞቱ።

ዝም ያልኩባት ጊዜ። ያቺ ጊዜ ባትባክን ይደርሱላቸው ነበር? ሐኪሙን ጠየቅኩት። ወደ ሩፈይዳ አልጋ ተመለሰ።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ቀብር። ከኋላ ቆምኩ። ባላቸው ጋሽ አብተው አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

ጋሼ ኢዮስያስ ድንኳን አስተከሉ። ከፊት ተቀምጠው ነበር።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ትምህርት አልሄድኩም። ሩፈይዳ ተርፋለች፣ አልሃምዱሊላህ ብሎኝ ባሏ ስልኩን ዘጋ።

ከሰዓት ጋሼ ኢዮስያስ ቤታችን መጡ። እማዬ ወንበር አወጣች። ፖሊስ መጠየቅ መጀመሩን ሰምተዋል።

"አንቺን ከዚህ ጉድ ማውጣት የእኔ ኃላፊነት ነው" አሉ። "አንቺ ባለፈው ወር ለቅቀሻል። ወረቀቱን እሱን ለእኔ ተዪው።"

"አልለቀቅኩም እኮ ጋሼ።"

"ለቅቀሻል እያልኩሽ ነው።"

"ታዲያ ማክሰኞ ሥራ አስኪያጁ ማን ነበር?"

የሸሚዛቸውን እጅጌ አስተካከሉ። "ታቢታ ጥሩ ልጅ ናት። ሰኞ ትፈርማለች።"

ታቢታ! የመዘምራኑ ታቢታ። አሥራ ሁለተኛን ዓምና የጨረሰች። ትፈርማለች፣ ቀኑ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ እትዬ ብርሃንነሽ የሞቱት በእሷ ስም ይሆናል። ምንም ሳታውቅ።

"እርስዎስ?" አልኳቸው። "እርስዎ ምን ይሆናሉ?"

"እኔ እኮ ባለ አክሲዮን ብቻ ነኝ ልጄ።" በዚያው ለስላሳ ድምፅ። እጄን የያዙበት ድምፅ።

ሲወጡ እማዬ እግሬ ሥር ተቀመጠች። "እሺ በይ ልያ። እሺ በይኝ ልጄ። አንድ ነሽ።" ይህን አልረሳም። እናቴ እግሬ ሥር።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ ታቢታን ጠርቼ ከግቢው ጀርባ ወሰድኳት። የመዘምራን ልብሷን ገና አላወለቀችም። ፊቷ በርቷል።

"ሰምተሻል አይደል? ሥራ አስኪያጅ ልሆን ነው!"

"አትፈርሚ።"

"ምን?"

"ታቢታ፣ አትፈርሚ።"

ፊቷ ጠቆረ። "ቀንተሽ ነው? አንቺ ስለለቀቅሽ…"

"አልለቀቅኩም።"

ሁሉንም ነገርኳት። ክኒኑን፣ ድመቷን፣ ቁልፉን፣ እትዬ ብርሃንነሽን። ቀኑ ወደ ኋላ ሲሄድ ምን ማለት እንደሆነ። መሃል ላይ ማልቀስ ጀመረች፤ ለማን እንደምታለቅስ አላወቅኩም።

"ሽማግሌያችን ናቸው እኮ" አለች።

"አዎ።"

"ታዲያ አንቺ ምን ልትሆኚ ነው?"

ቤቴ መጥቼ ለቲቸር ደወልኩ። ጓደኛዬ ሳይሆን እኔ ነኝ አልኳት። "አውቄ ነበር" አለች። "ልጠይቅሽ ይገባ ነበር። ደግሜ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር" አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። ጠበቃ ሳትይዢ አንድ ቃል እንዳትሰጪ፣ ነገ ጠዋት አጋሮ እመጣለሁ አለችኝ።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ፖሊስ ጣቢያ። ቲቸር ከምታውቀው ጠበቃ ጋር መጣች። ታቢታ አልፈረመችም፤ ጠዋት በእናቷ ስልክ መልእክት ላከችልኝ፣ "አልሄድኩም" የሚል ብቻ።

መርማሪው ሰውዬ ደክሞታል። "አንቺ ለቅቀሻል ነው የተባልነው" አለ።

"አልለቀቅኩም። ሥራ አስኪያጇ እኔ ነኝ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።"

ብዕሩን አቁሞ አየኝ። "የምትይውን ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

ሌላውንም ሁሉ ተናገርኩ፤ ያዘዙትን፣ በስልክ ያሉኝን፣ ስለ ድሮው ዘበኛም። ማስታወስ የቻልኩትን። አሰሩኝ። ከሰዓት እሳቸውን አመጧቸው። በኮሪደሩ ሲያልፉ አላዩኝም።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

በዋስ ወጣሁ። ቤተክርስቲያን ለሁለት ተከፍሏል አሉ። ግማሹ ጋሼን አሳልፋ ሰጠች ይለኛል። እማዬ ለሁለት ሰው ምግብ ታቀርባለች፣ ታነሳለች። አናወራም።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ክፍል ተመለስኩ። ቦታዬ ባዶ ነው፣ ከጎኑ ያሉትም ባዶ ናቸው። ቲቸር ትምህርቱን ቀጠለች፤ ስለ ውል፣ ስለ ፈቃድ፣ ሰው ሳይገባው ስለሚፈርመው። ድምፅዋ ድሮ እንደነበረው ዝቅ ያለ ነው። አንድም ጊዜ ወደ እኔ አላየችም፤ ለእኔ ብላ እንደሆነ ገባኝ።

ኬሱ በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። አንደኛ ተከሳሽ እሳቸው። ሁለተኛ ተከሳሽ እኔ። ድርጅቱም ተከሷል፣ ሦስተኛ። እሱ ግን ችሎት አይቀርብም።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ጥፋተኛ ነኝ አልኩ። ጠበቃው ተከራከሪ ብሎኝ ነበር፤ ታዝዤ ነው በይ። አልቻልኩም። እሳቸው ግን ይከራከራሉ። ባለ አክሲዮን ብቻ ናቸው። ምስክር የሚሰማው ለጥቅምት ተቀጠረ፤ ከምስክሮቹ አንዷ እኔ ነኝ።

ያቤፅ ይመጣል አሉ። ይመጣ ይሆን?

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ቅጣቱ ትናንት ተነበበ። በገደብ። እስር አልገባም። የማንም ድርጅት ሥራ አስኪያጅ እንዳልሆንም ተከለከልኩ። እማዬ እንደገና አለቀሰች፤ እንደ ኅዳሩ ግን አይደለም። ይቀለኛል ብዬ ስጠብቅ… ምንም ቀለል አላለኝም።

ዛሬ ሳልነግራት ወጣሁ። ዝናብ ነበር። የጭቃውን መንገድ ይዤ ጋሽ አብተው ቤት ሄድኩ። ስንት ወር ሙሉ በዚያ መንገድ አላለፍኩም፤ ዞሬ ነው የምሄደው። በሩ ክፍት ነው። እሳቸው ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የእትዬ ጫማ ከበሩ ጎን እንዳለ አለ። የላስቲክ ጫማ፣ መጋዘን የሚያደርጉት።

"ሰላም ዋሉ ጋሽ አብተው።"

አወቁኝ።

ይቅርታ ልላቸው ነበር የመጣሁት። አፌ ላይ ሲደርስ ቃሉ ትንሽ ሆነብኝ። ቆምኩ፣ ዝናቡ ይወርድብኛል።

እሳቸው ናቸው የጀመሩት።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፍርድ ቤት ስንት ነገር አወሩ፣ አልገባኝም። እሷ ዝጊዋ ብላሽ ነበር። ነግራኛለች፣ ማታ ማታ ትነግረኝ ነበር። ለምን አልዘጋሽም?"

ለፖሊስ የተናገርኩት፣ ለዳኛው የተናገርኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

"ፈራሁ።"

"ምንሽን?"

"ሥራዬን እንዳላጣ።"

ወደ ጭቃው አዩ።

"እሷም እኮ" አሉ፣ "ሽታው ደግ እንዳልሆነ እያወቀች የምትገባው እሱኑ ፈርታ ነው።"

ግቢ አላሉኝም። ሂጂም አላሉኝም። ቆምኩ።